የቼክ መብራት ሲበራ፦ የመኪና ኦክስጅን ሴንሰርን በግቢዎ ውስጥ የመቀየር መመሪያ

«የቼክ መብራት በርቶብኛል፤ በኮምፒውተር ሲነበብ ኦክስጅን ሴንሰር ነው አሉኝ፤ ዕቃውን ገዝቼ ግቢዬ ውስጥ ራሴ ብቀይረው ይሆናል ወይ?» ይህ ጥያቄ ጅማ ውስጥ መኪና ከሚነዱ ሰዎች በተደጋጋሚ ስለሚቀርብልኝ መልሱን አንድ ጊዜ በዝርዝር መጻፉን መርጫለሁ። አዎን፣ ይሆናል። ሥራው መፍቻ ይዞ ለሚያውቅ ሰው ከባድ አይደለም፤ ነገር ግን ብዙ ሰው ለኪሳራ የሚዳረገው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ያልተበላሸ ሴንሰር መቀየር ነው፤ ሁለተኛው ዝገት የያዘውን አሮጌ ሴንሰር በጉልበት ሲያወጡ የጭስ ማውጫውን ጥርስ መላጥ ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከመግጠሙ ይልቅ በምርመራውና በመፍታቱ ላይ ረዘም ብሎ ይቆያል።

መመሪያው እንደ ቪትዝ፣ ያሪስና ኮሮላ ላሉ ባለ አራት ሲሊንደር የቤንዚን መኪኖች የተዘጋጀ ነው። ሌሎች የቤንዚን መኪኖችም በመሠረቱ አይለዩም፤ ናፍጣ ለሚጠቀም መኪና ግን አያገለግልም።

ሴንሰሩ የሚሠራው ሥራ

ኦክስጅን ሴንሰር በጭስ ማውጫው ቧንቧ ላይ እንደ ካንዴላ በጥርስ የሚታሰር ሲሆን፣ ከሞተሩ በሚወጣው ጭስ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን ለክቶ ለመኪናው ኮምፒውተር ያሳውቃል። ኮምፒውተሩም በዚህ መረጃ መሠረት የሚረጨውን ቤንዚን ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። አብዛኞቹ መኪኖች ሁለት ሴንሰር አላቸው። የመጀመሪያው ከካታላይዘሩ (በጭሱ ውስጥ ያለውን መርዛማ ጋዝ ከሚያጣራው ክፍል) በፊት፣ ብዙውን ጊዜ በጭስ ማኒፎልዱ (ከሲሊንደሮቹ የሚወጣውን ጭስ በሚሰበስበው ብረት) ላይ ወይም ከሥሩ ይገኛል፤ የነዳጁን መጠን የሚወስነው በዋናነት እርሱ ነው። ሁለተኛው ከካታላይዘሩ በኋላ ይገኛል፤ ዋና ሥራውም ካታላይዘሩ በትክክል መሥራቱን መከታተል ነው። «መኪናዬ ነዳጅ በላች» የሚል ቅሬታ ካለዎት በአብዛኛው የሚመለከትዎት የመጀመሪያው ነው።

ሴንሰሩ በትክክል የሚለካው ከ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሞቅ ነው። ቶሎ እንዲሞቅ በውስጡ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማሞቂያ ስላለው አብዛኛውን ጊዜ አራት ሽቦ ይኖረዋል፤ ሁለቱ የማሞቂያው፣ ሁለቱ የመረጃው ናቸው። ይህን ማወቁ ከዚህ በታች ላለው ምርመራ ያስፈልግዎታል።

ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት

1. ኮዱን በቁጥሩ ይመዝግቡ። «ኦክስጅን ሴንሰር ነው» የሚለው ቃል ብቻ አይበቃም፤ ያነበበልዎትን ሰው ሙሉውን ኮድ ይጠይቁት፣ ወይም በስልክ የሚሠራ ትንሽ የኦቢዲ ማንበቢያ (የመኪናውን ኮምፒውተር ኮድ የሚያነብ መሣሪያ) ገዝተው ራስዎ ያንብቡት። ለጃፓን አገር ገበያ የተሠሩ አንዳንድ የቆዩ መኪኖች በርካሹ ማንበቢያ እንደማይነበቡ አስቀድመው ይወቁ። በባለ አራት ሲሊንደር መኪና ከፒ0130 እስከ ፒ0135 ያሉት ኮዶች የመጀመሪያውን ሴንሰር፣ ከፒ0136 እስከ ፒ0141 ያሉት ደግሞ ሁለተኛውን ይመለከታሉ። ፒ0135 እና ፒ0141 በተለይ የማሞቂያውን መስመር የሚያመለክቱ ናቸው።

ይህ ደረጃ የሚያስፈልገው ኮዱ የሚናገረው ስለ መስመሩ እንጂ ስለ ዕቃው ባለመሆኑ ነው። የተቆረጠ ሽቦ፣ የተቃጠለ ፊዩዝና የሞተ ሴንሰር አንድ ዓይነት ኮድ ሊያወጡ ይችላሉ። ፒ0171 ቤንዚኑ እንዳነሰ፣ ፒ0172 እንደበዛ፣ ፒ0420 ደግሞ ካታላይዘሩ እንደደከመ የሚጠቁሙ ሲሆን፣ ሦስቱም ብዙ ጊዜ ሴንሰሩ እውነቱን እየተናገረ መሆኑን ያሳያሉ። በእነዚህ ኮዶች ብቻ ተነሥቶ ሴንሰር መቀየር እሳት አየሁ ብሎ የጮኸውን ዘበኛ ከሥራ እንደማባረር ነው።

2. ሽቦውንና ሶኬቱን ይመርምሩ። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ የሴንሰሩን ሽቦ ከሥሩ እስከ ሶኬቱ ድረስ በእጅዎና በዓይንዎ ይከተሉ። በጅማ ዝናብ በሚበዛባቸው ወራት በመኪናው ሆድ ሥር የሚያልፈው የሁለተኛው ሴንሰር ሽቦ ጭቃ ይለጠፍበታል፤ በኮረኮንች መንገድ ድንጋይ ይመታዋል፤ ሶኬቱም ውኃ ከገባበት ፒኖቹ ይዝጋሉ። በማኒፎልዱ አጠገብ የሚያልፈው ሽቦ ደግሞ ከያዣው ወጥቶ የጋለውን ብረት ከነካ ይቀልጣል። አይጥ የነከሰው ሽቦም በግቢ ውስጥ ለረጅም ጊዜ በቆሙ መኪኖች ላይ የተለመደ ነው። ጉዳቱ ከሶኬቱ ወዲህ፣ በመኪናው በኩል ከሆነ ጥገናው የሽቦ ሥራ ነው፤ አዲስ ሴንሰር ምንም አይለውጥም።

3. ማሞቂያውን በመልቲሜትር ይለኩ። የመኪናውን ቁልፍ ዘግተው ሶኬቱን ይንቀሉ፤ ከዚያም በሴንሰሩ በኩል ባለው ሶኬት ላይ የማሞቂያውን ሁለት ፒኖች ይለኩ። በብዙ ሴንሰሮች ላይ የማሞቂያው ሁለት ሽቦዎች አንድ ዓይነት ቀለም አላቸው። በብዙ የቶዮታ ኦክስጅን ሴንሰሮች ላይ ንባቡ በቀዝቃዛ ሁኔታ ከ11 እስከ 16 ኦም ገደማ ነው፤ በሌሎች ፋብሪካዎች ሴንሰሮች ከዚህ ዝቅ ሊል ይችላል። መለኪያው ምንም ካላነበበ የማሞቂያው ክር ተቆርጧል ማለት ነው፤ እዚህ ላይ ጥርጣሬ አይኖርም፣ ሴንሰሩ ይቀየራል። ንባቡ ትክክል ከሆነ ግን ሞተሩን አስነሥተው በመኪናው በኩል ባለው ሶኬት ላይ 12 ቮልት ገደማ መድረሱን ይመልከቱ፤ ካልደረሰ ችግሩ ፊዩዙ ወይም መስመሩ ነው።

4. ሴንሰሩ ሲሠራ ይመልከቱት። ሞተሩን በደንብ ካሞቁ በኋላ በማንበቢያው ላይ የመጀመሪያውን ሴንሰር ቮልቴጅ ይክፈቱ፤ ፍጥነቱንም በደቂቃ 2500 ዙር ላይ ይያዙት። ጤነኛ ሴንሰር ከ0.1 እስከ 0.9 ቮልት ባለው መካከል ሳያቋርጥ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ የቶዮታ የጥገና መጻሕፍት በ10 ሴኮንድ ውስጥ 8 ጊዜና ከዚያ በላይ መዋዠቁን እንደ መለኪያ ይወስዳሉ። ነዳጁን በድንገት ሲረግጡ ቮልቴጁ ከ0.8 በላይ ሊዘል፣ ከኢንቴክ (ከሞተሩ የአየር ማስገቢያ) ጋር ከተያያዙት ቀጫጭን ቱቦዎች አንዱን ለአፍታ ሲነቅሉ ደግሞ ከ0.2 በታች ሊወርድ ይገባል። ለሁለቱም ምላሽ የሚሰጥ ሴንሰር አልሞተም። አንድ ቦታ ላይ ቆሞ የሚቀር ወይም እየተጎተተ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ግን ጊዜው አልፏል። ሁለተኛው ሴንሰር በአንጻሩ ካታላይዘሩ ጤነኛ እስከሆነ ድረስ ብዙም ሳይዋዥቅ ይቆያል፤ ስለዚህ ዝም በማለቱ አይፍረዱበት።

አንድ ልዩ ሁኔታ አለ። በብዙ ዘመናዊ ቶዮታዎች ላይ የመጀመሪያው ቦታ የሚይዘው ኦክስጅን ሴንሰር ሳይሆን ኤር ፊውል ሬሾ ሴንሰር የሚባለው ነው። መልኩ አንድ ነው፤ አሠራሩ ግን ስለሚለይ ከላይ ያለው የቮልቴጅ ሙከራ አይሠራበትም፤ የማሞቂያው ንባብም በቶዮታ ከ1.8 እስከ 3.4 ኦም ገደማ ነው።

5. የጭስ ማፈትለክን አስቀድመው ያስወግዱ። ሞተሩን በቀዝቃዛው አስነሥተው ማኒፎልዱ አካባቢ «ጠስ ጠስ» የሚል ድምፅ ካለ ያዳምጡ፤ በጋስኬቱና በብየዳው ዙሪያ ጥቁር ጥላሸት ካለም ይመልከቱ። ከሴንሰሩ በፊት ቀዳዳ ካለ የውጭ አየር ይገባና ሴንሰሩ ኦክስጅን በዝቷል ይላል፤ ኮምፒውተሩም ያላስፈለገ ቤንዚን ይጨምራል። ቀዳዳው ሳይደፈን የሚገጠም አዲስ ሴንሰር ያንኑ የተሳሳተ ነገር ይደግማል።

ዕቃውን ሲገዙ

በሴንሰሩ አካል ላይ የታተመውን ቁጥር ያንብቡ። በቶዮታ ቁጥሩ በ89465 የሚጀምር ከሆነ ኦክስጅን ሴንሰር፣ በ89467 የሚጀምር ከሆነ ኤር ፊውል ሬሾ ሴንሰር ነው፤ ሶኬታቸው ቢገጥምም እንኳ አንዱ በሌላው ቦታ አይሠራም። ቁጥሩ በዝገት ከጠፋ የሻሲ ቁጥሩን ይዘው ይሂዱ። ዕቃው በከተማችን ታጥቶ ከአዲስ አበባ የሚያስልኩ ከሆነ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ የመጣን የተሳሳተ ዕቃ መልሶ መላክ ቀናት ያስከፍላልና፣ ላኪው ገንዘብ ከመቀበሉ በፊት የዕቃውን ቁጥርና የሶኬቱን ቅርጽ በፎቶ እንዲልክልዎት ይጠይቁ።

ያገለገለ ሴንሰር እንዲገዙ አልመክርም። ባለማሞቂያ ሴንሰር በአብዛኛው ከ100,000 እስከ 160,000 ኪሎ ሜትር የሚያገለግል ዕቃ ሲሆን፣ ከሌላ መኪና የወረደው ምን ያህሉን እንደጨረሰ በዓይን አይታወቅም። ሽቦው ተቆርጦ የሚቀጠለውንና ሶኬት የሌለውን ዓይነትም ምርጫ ከሌለ በቀር ይለፉት፤ ምክንያቱን በመጨረሻ እመለስበታለሁ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ቁጥሩ የተረጋገጠ አዲስ ሴንሰር፣ ከነቀለበቱ
- በጎኑ ለሽቦው መውጫ የተሰነጠቀ 22 ሚሊ ሜትር የሴንሰር ቡሶላ ከእጀታው ጋር፤ ከሌለ 22 መፍቻ
- እንደ ደብሊውዲ-40 ያለ ዝገት ማላቀቂያ
- የሽቦ ብሩሽና ንጹሕ ጨርቅ
- ሙቀት የሚችል የጥርስ ቅባት፣ በተለይ ኒኬል ያለበት
- መልቲሜትርና የኦቢዲ ማንበቢያ
- ክሪክ፣ ሁለት ካቫሌቶ (የተነሣውን መኪና ደግፎ የሚይዝ የብረት ማቆሚያ)፣ ታኮና ወፍራም ጣውላ፤ ሴንሰሩ ኮፋኖ ተከፍቶ ከላይ የሚደረስበት ከሆነ አያስፈልጉም
- ወፍራም ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽር
- ካገኙ፣ የማጥበቂያ ኃይል የሚለካ መፍቻ

በአንዳንድ የቆዩ ቶዮታዎች ላይ ሴንሰሩ በራሱ ጥርስ ሳይሆን በሁለት ዳዶ ይታሰራል፤ ለእነዚህ 12 መፍቻና አዲስ ጋስኬት ይበቃል።

ማስጠንቀቂያ

በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥር በፍጹም አይግቡ። የጅማ ቀይ አፈር ዝናብ ሲጠግብ ይለሰልሳል፤ ክሪኩም ካቫሌቶውም ቀስ እያሉ ሊሰምጡና ሊያዘነብሉ ስለሚችሉ ከሥራቸው ሰፊና ወፍራም ጣውላ ያድርጉ፤ ከተቻለም በሲሚንቶ ላይ ይሥሩ። መሬት ላይ በቀሩት ጎማዎች ከፊታቸውም ከኋላቸውም ታኮ ያድርጉ፣ የእጅ ፍሬኑንም ይያዙ። ሞተሩን በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ አያስነሡ፤ ጭሱ ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ አለበት። ዝገት ማላቀቂያው በቀላሉ ስለሚቀጣጠል በጋለ ብረት ላይ አይርጩት። የታሰረ ሴንሰርን በጋዝ ብየዳ እሳት ማጋል ጋራዥ ውስጥ የሚሠራበት ዘዴ ቢሆንም የነዳጅ ቱቦ በቅርብ ስለሚያልፍ በቤት ውስጥ አይሞክሩት።

አሮጌውን መፍታት

6. መኪናውን በደልዳላ ቦታ አቁመው ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ። ኮዱን መመዝገብዎን ካረጋገጡ በኋላ የባትሪውን ኔጌቲቭ ያላቁ። ቅደም ተከተሉ የሚጠበቀው ባትሪ ሲላቀቅ በብዙ መኪኖች ላይ ኮዱ ስለሚጠፋ ነው፤ ባትሪው የሚላቀቀው ደግሞ ረጅም የብረት መፍቻ ከስታርተሩ ገመድ ጋር ቢገናኝ ብልጭታ እንዳይፈጥር ነው።

7. የሽቦውን አካሄድ በስልክዎ ፎቶ ያንሡ፤ ከዚያም ሶኬቱን መቆለፊያውን ተጭነው ይንቀሉ። ሽቦውን ይዘው አይጎትቱ። ፎቶው በኋላ አዲሱን ሽቦ በየትኞቹ መያዣዎች ማሳለፍ እንዳለብዎት ያስታውስዎታል።

8. ሴንሰሩ ከቧንቧው ጋር በሚገናኝበት ዙሪያ ዝገት ማላቀቂያ ይርጩ፤ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይተዉት። ከዋዜማው ምሽት ረጭተው ማሳደር፣ ጠዋት ሞተሩን ሳያስነሡ ደግሞ መርጨት ከሁሉ ይሻላል። ፈሳሹ ወደ ጥርሱ ውስጥ ለመዝለቅ ጊዜ ይፈልጋል፤ ረጭቶ ወዲያው መታገል አለመርጨት ነው።

9. ቡሶላውን ወይም መፍቻውን እስከ ሥሩ በትክክል አስገብተው ወደ ግራ ይሳቡ። አቅጣጫው የሚታየው ከሽቦው በኩል ሆነው ሲመለከቱ ነው፤ ከመኪናው ሥር ተኝቶ ለሚሠራ ሰው በቀላሉ ይገለበጣል። ኃይልዎ የተረጋጋና ቀጥ ያለ ይሁን፤ መፍቻው ጠርዙን ከበላው ቀጣዩ ሙከራ እጅግ ይከብዳል። አንድ አፍ ክፍት የሆነ መፍቻ ጠርዝ ለመብላት ፈጣን ነው። አሮጌው ሴንሰር እንደሚጣል በእርግጥ ከወሰኑ፣ አዲሱም በእጅዎ ካለና ቁጥሩን ካመሳከሩ፣ የአሮጌውን ሽቦ ቆርጠው ስድስቱንም ጠርዝ የሚይዝ ዝግ መፍቻ ይጠቀሙ። አዲሱ ዕቃ ሳይመጣ ሽቦውን የሚቆርጥ ሰው መኪናውን ያቆማታል።

ይህ ደረጃ የሥራው ሁሉ ወሳኝ ቦታ ነው። ሴንሰሩ ሩብ ዙር ያህል ዞሮ እንደገና ከከበደ አያስገድዱት፤ ወደ ኋላ ትንሽ አጥብቀው መልሰው ይርጩ፣ ጥቂት ቆይተው እንደገና ያላሉ። የተቃጠለ ዝገት በጥርሶቹ መካከል እየተፈጨ ስለሚገባ ወደ ፊት ብቻ ከተሳበ የቧንቧውን ጥርስ ልጦ ይወጣል። ወደፊትና ወደኋላ እየመላለሱ ማውጣት ጊዜ ይወስዳል እንጂ ከዚህ የሚያድን ሌላ መንገድ የለም።

10. በቀዝቃዛው እንቢ ካለ፣ የረጩትን ፈሳሽ በጨርቅ ጠርገው ባትሪውን ይመልሱና ሞተሩን ለሁለት ወይም ለሦስት ደቂቃ ያስነሡ፤ ከዚያም አጥፍተው ባትሪውን እንደገና ያላቁ። ቧንቧው ለብ ሲል በትንሹ ስለሚሰፋ መያዣው ይላላል። ጓንት ሳያደርጉ አይንኩት። ከዚህ በኋላም ካልተላቀቀ ሥራውን አቁመው ወደ ጋራዥ ይውሰዱት። የጋራዥ መፍቻ ክፍያ ከአዲስ ማኒፎልድ ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

11. የወጣውን ሴንሰር ጫፍ በብርሃን ይመልከቱ። ብዙዎች ይህን ዘለው አሮጌውን ይጥሉታል፤ እኔ ግን ከመመሪያው ሁሉ ለመኪናው የወደፊት ጤና የሚጠቅመው ይህ ይመስለኛል። ጫፉ ነጣ ያለ ግራጫ ወይም ቡናማ ከሆነ በዕድሜ ነው ያለቀው፤ አዲሱን ያለ ሥጋት ይግጠሙ። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከለበሰ ሞተሩ ቤንዚን ይበዛበታል ማለት ነው፤ የአየር ፊልትሮውን፣ ካንዴላዎቹንና የነዳጅ መርጫዎቹን ይመርምሩ። ጥላሸቱ የሚያጣብቅና ቅባት ያለው ከሆነ ሞተሩ ዘይት ያቃጥላል። ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካለበት ደግሞ ሁለት ምክንያት ይጠርጥሩ፤ ወይ የራዲያተር ፈሳሽ ወደ ሲሊንደር ይገባል፣ ወይ በቅርቡ ሞተሩ ሲገጠም ለሴንሰር የማይስማማ ሲሊኮን ተጠቅመዋል። በእነዚህ በኋለኞቹ ሁኔታዎች ምክንያቱ ሳይወገድ የሚገጠም አዲስ ሴንሰር በአጭር ጊዜ ያንኑ ዕጣ ያገኛል።

አዲሱን መግጠም

12. የቧንቧውን ጥርስ ያጽዱ። በትንሽ የሽቦ ብሩሽ ዝገቱን ይፋቁ፤ ፍርፋሪው ወደ ውስጥ እንዳይወድቅ ጨርቅ ቀዳዳው ውስጥ በጥቂቱ ወትፈው በኋላ ማውጣቱን አይርሱ። የተጎዳ ጥርስ ካለ ኤም 18 በ1.5 (ስፋቱ 18፣ የጥርሶቹ ርቀት 1.5 ሚሊ ሜትር) የሆነ የጥርስ ማውጫ ያስተካክለዋል፤ ይህ የአብዛኞቹ ሴንሰሮች ልክ ነው።

13. አዲሱን ሴንሰር ከማሸጊያው የሚያወጡት ለመግጠም ሲዘጋጁ ብቻ ይሁን። ውስጡ ሴራሚክ ስለሆነ ሲሚንቶ ላይ ከወደቀ ከውጭ ምንም ሳይታይበት ሊሰነጠቅ ይችላል። ጫፉን በጣትዎ፣ በዘይትም ሆነ በማጽጃ አይንኩት። ጥርሱ ላይ ከፋብሪካው የተቀባ ግራጫ ቅባት ካለ አይጨምሩበት፤ ከሌለ ኒኬል ያለበትን ቅባት በጥርሱ ላይ ብቻ በስሱ ይቀቡ። ቅባቱ የሚቀባው በሚቀጥለው ጊዜ የሚፈታው ሰው እርስዎ ዛሬ ያዩትን መከራ እንዳያይ ነው። ወደ ጫፉ ከደረሰ ግን ተቃጥሎ መተንፈሻ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል።

14. ሶኬቱን ሳይሰኩ ሴንሰሩን በእጅ ብቻ እያዞሩ ያስገቡት። ሽቦው አብሮ ስለሚዞር ነጻ ሆኖ መንጠልጠል አለበት። የመጀመሪያዎቹ ዙሮች በጣት ካልሄዱ ጥርሱ ተዛብቶ ይዟል፤ አውጥተው እንደገና ይጀምሩ እንጂ መፍቻ አያንሡ።

15. በልኩ ያጥብቁ። ለአብዛኞቹ ኤም 18 ሴንሰሮች ልኩ ከ35 እስከ 45 ኒውተን ሜትር ነው፤ የመኪናዎ መጽሐፍ ሌላ ቁጥር ከሰጠ የእርሱን ይከተሉ። መለኪያ መፍቻ ከሌለዎት 25 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለውን እጀታ ጫፍ ይዘው 16 ኪሎ ያህል ክብደት በሚያነሡበት ኃይል መሳብ 40 ኒውተን ሜትር ገደማ ይሰጥዎታል። በጣም ማጥበቅ ጥርሱን ሲያበላሽ፣ ማላላት ደግሞ ጭስ ያፈተልካል።

16. ሽቦውን በፎቶው ላይ እንደነበረው በየመያዣው ያሳልፉ፤ ከጋለው ቧንቧና ከሚሽከረከሩ አካላት ያርቁት። ሶኬቱን ቀጭ እስኪል ይሰኩ። ሶኬቱ ውስጥ ግሪስ ወይም የኤሌክትሪክ ስፕሬይ አይጨምሩ፤ ብዙ ሴንሰሮች ለማነጻጸሪያ የሚያስፈልጋቸውን ንጹሕ አየር የሚያገኙት በሽቦዎቹ ውስጥ ስለሆነ ትነቱ ውስጡን ይበክለዋል። ጭቃ የሚከላከል ላስቲክ ከነበረ ወደ ቦታው ይመልሱ።

17. ባትሪውን መልሰው ሞተሩን ያስነሡና የሴንሰሩን ዙሪያ ያዳምጡ። የቀረ ቅባትና ማላቀቂያ ለጥቂት ደቂቃ ሊጨስ ይችላል፤ አይደንግጡ። ኮዱ ካልጠፋ በማንበቢያው ያጥፉት።

18. በመንገድ ይፈትሹ። ባትሪ ከተላቀቀ በኋላ ኮምፒውተሩ የነዳጁን ልክ እንደ አዲስ ስለሚማር በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ሞተሩ በቆመበት ትንሽ ሊወዛወዝ ይችላል። ከከተማው የመኪና ግፊያ ወጥተው በአጋሮ መስመር ግማሽ ሰዓት ያህል ዳገቱንም ሜዳውንም በተለያየ ፍጥነት ይንዱ፤ ማንበቢያውን የሚያየው አብሮዎት የተቀመጠ ሰው ይሁን። ማንበቢያው በመቶኛ የሚያሳያቸው የአጭርና የረጅም ጊዜ የነዳጅ ማስተካከያዎች (ኮምፒውተሩ የጨመረው ወይም የቀነሰው የቤንዚን መጠን) ሲደመሩ ከ10 በመቶ ብዙም ካልራቁ፣ ወደ ላይም ሆነ ወደ ታች፣ ሥራው ተሳክቷል።

ተደጋግመው የሚታዩ ስሕተቶች

ሁለተኛውን ሴንሰር በመጀመሪያው ፈንታ መቀየር፦ ይህ የሚሆነው ኮዱ ሳይነበብ ወደ መኪናው ሥር ሲገባና ለእጅ የቀለለው ሲፈታ ነው። ሲሊንደሮቹ በቪ ቅርጽ የተደረደሩበት ባለ ስድስት ሲሊንደር መኪናማ ሁለት ጎን ስላለው «ባንክ 1» የሚባለው አንደኛው ሲሊንደር ያለበት ጎን መሆኑን ከመጽሐፉ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ሽቦ ቆርጦ በእርሳስ መበየድ፦ ሶኬት የሌለው ዓይነት ሴንሰር ሲገጠም ሽቦው ከአሮጌው ሶኬት ጋር ይቀጠላል። ብየዳው በሽቦው ክሮች መካከል ያለውን የአየር መተላለፊያ ስለሚዘጋው ሴንሰሩ ቀስ በቀስ ይሳሳታል። መቀጠል ግድ ከሆነ ተጨምቆ በሚያዝ ማያያዣ ይቀጠል፣ ውኃ በማያስገባ ሽፋንም ይሸፈን፤ በፕላስተር ብቻ የተጠቀለለ ግንኙነት አንድ ክረምት አይሻገርም።

ከጉዞ ወዲያው ላቫጆ መግባት፦ ከረጅም መንገድ ሲመለሱ ጭስ ማውጫው የጋለ ነው። በጋለ ሴንሰር ላይ በኃይል የሚረጭ ቀዝቃዛ ውኃ ሴራሚኩን ሊሰነጥቀው ይችላል። መኪናው እስኪበርድ ይጠብቁ፣ አጣቢውንም የመኪናውን ሥር በመጨረሻ እንዲያጥብ ይንገሩት።

ኮድ እያጠፉ መንዳት፦ ኮምፒውተሩ ትክክለኛ መረጃ ሲያጣ ቤንዚን አብዝቶ ሊረጭ ይችላል፤ ያልተቃጠለው ቤንዚን ካታላይዘሩ ውስጥ ሲቃጠል ያግለዋል፣ ያበላሸዋልም። የካታላይዘር ዋጋ ከሴንሰር ዋጋ ብዙ እጥፍ ነው።

ከቀየሩ በኋላ ያው ኮድ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከተመለሰ ሌላ ሴንሰር ለመግዛት አይጣደፉ፤ ወደ ሁለተኛውና ወደ ሦስተኛው ደረጃ ተመልሰው በመኪናው በኩል ያለውን መስመር እስከ ኮምፒውተሩ ድረስ ይለኩ። የተመለሰው ፒ0420 ከሆነና አዲሱ ሁለተኛ ሴንሰር እንደ መጀመሪያው በፍጥነት የሚዋዥቅ ከሆነ ግን የደከመው ካታላይዘሩ ነው።